ዜድ88ዲኬ፦ ለአምስትራድ 6128 ትንንሽ የትእዛዝ ፕሮግራሞችን እንደገና ለመጻፍ ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን ከቤተ መጻሕፍቱ (አብረውት ከሚመጡት ዝግጁ ተግባራት) ግማሹን ባትነኩት ይሻላል። ዜድ88ዲኬ በሲ የተጻፈን ኮድ ዛሬ ባለን ኮምፒውተር ላይ ተርጉሞ ዜድ80 ለተባለው ፕሮሰሰር የሚያዘጋጅ ነፃ ኮምፓይለር ነው። ውጤቱን በ1985 (እ.ኤ.አ.) ገበያ በወጣው አምስትራድ ሲፒሲ 6128፣ ሲፒኤም በተባለው ስርዓተ ክወና ሥር እናስነሳዋለን። ውስጡ ሁለት ተርጓሚዎች አሉ፤ ኤስሲሲዜድ80 ፈጣን ነው፣ ኤስዲሲሲ ደግሞ ማመቻቻው ከፍ ሲል ያዘገያል፣ ኮዱን ግን ያሳጥረዋል። ለሙከራ የመጀመሪያውን፣ ለመጨረሻው ቅጂ ሁለተኛውን ተጠቀሙ።

የዩኒክሱን ደብሊውሲ፣ ማለትም የመስመርና የፊደል ቆጣሪውን፣ እንውሰድ። ፕሪንትኤፍ፣ የሲ የማተሚያ ተግባር፣ ብቻውን ፕሮግራሙን ያወፍረዋል። ቢዶስ የተባለውን የሲፒኤም ክፍል በቀጥታ በተግባር ቁጥር ጥሩ፦ 15 ፋይል ይከፍታል፣ 20 አንድ ሪከርድ (የ128 ባይት ቁራጭ) ያነባል፣ 2 አንድ ፊደል ያትማል። 9 ጽሑፍ የሚያትመው የዶላር ምልክት እስኪያገኝ ስለሆነ፣ ዋጋ ለሚያትም ፕሮግራም አይሆንም።

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከኮምፓይለሩ ሳይሆን ከሲፒኤም ነው። ከትእዛዙ በኋላ የተጻፈው ሁሉ አድራሻ 128 ላይ ይቀመጣል፤ ከዲስክ የሚነበበው የሚያርፍበት መነሻ ቋትም እዚያው ነው። ከማንበባችሁ በፊት በተግባር 26 ቋቱን ካላዛወራችሁ፣ የመጀመሪያው ሪከርድ የተጻፈውን ያጠፋዋል። በትእዛዙ ላይ የምትጽፉት ትንሹ ኤል (መስመር ብቻ ቁጠር የሚለው ምርጫ) ትልቁ ኤል ሆኖ ስለሚደርስ፣ ትንሹን ብቻ የሚፈልግ ኮድ ምርጫውን አያገኘውም። ሲፒኤም 2.2 የፋይልን መጠን በ128 ባይት ሪከርድ ብቻ ስለሚያውቅ፣ የጽሑፍ ፋይል ሲነበብ የጽሑፉን መጨረሻ የሚያመለክተው ኮንትሮል ዜድ ላይ መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ቆጠራው ትርፍ ያመጣል። ኢንት የተባለው የሲ የቁጥር ዓይነት 16 ቢት በመሆኑ ከ32,767 በኋላ ወደ አሉታዊ ይዞራል፤ ለፊደል ቆጠራ ሰፊው ዓይነት፣ ሎንግ፣ ያስፈልጋል።

ባይት በመቆጠብ ብዙ አትድከሙ። የዳታ ዲስኩ ቦታ የሚያድለው በ1 ኪሎባይት ስለሆነ 900 ባይቱን ወደ 600 ማውረድ ምንም አይለውጥም። ቀድሞ የሚሞላው ማውጫው (የፋይሎቹ ዝርዝር) ነው፤ 178 ኪሎባይት ቢኖርም የሚይዘው 64 መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ትንንሽ ሥራዎችን በአንድ ፋይል ማጠቃለል ያዋጣል። ሲፒኤም ግን ፕሮግራሙ በምን ስም እንደተጠራ አይነግረውም፤ የሥራው ስም ከትእዛዙ ቀጥሎ፣ ከፋይሉ ስም በፊት መጻፍ አለበት።