ለፎር ዊል ፒክአፕ የትኛው ሀብ ይሻላል፦ በእጅ የሚቆለፈው ወይስ አውቶማቲኩ?

ነሐሴ ላይ ለለቅሶ ወደ ደምቢያ ወረድኩ። ቆላድባን እስካልፍ መንገዱ ደህና ነበር። ወደ መንደሩ ስታጠፍ ግን ዋልካው ተቀበለኝ። የደምቢያን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፤ ጎማው ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ፎር ዊል አስገባሁ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በራ። ነዳጅ ስሰጥ የሚሽከረከሩት የኋላዎቹ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ወርጄ አየሁ፤ የፊቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ለቅሶ የመጣው ሰው ነው ገፍቶ ያወጣኝ።

ጎንደር ስመለስ መካኒኩ ሁለቱንም የፊት ሀብ፣ ማለትም ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ፣ ፈታ። የቀኙ ውስጥ ግሪስ ታጭቆበታል፤ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ጠጥሯል። በጣቱ ዛቅ አድርጎ አሳየኝና «ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ብሎ ይያዝ?» አለኝ። የግራው ደህና ነበር። ግን አንዱ ካልያዘ ሌላውም አይረዳም። ጉልበቱን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ወደ ላላው ወገን ስለሚለቀው የፊቱ በሙሉ ሥራ ይፈታል። መብራቱ ደግሞ የሚነግራችሁ የፎር ዊል ማርሹ መግባቱን እንጂ ሀቡ መያዙን አይደለም።

የኔ ሀብ አውቶማቲክ ነበር። ከዚያ በኋላ በእጅ ወደሚቆለፈው፣ ወደ ማኑዋል ቀየርኩት። ፒክአፕ ልትገዙ ወይም ሀብ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ሀብ የፊት ጎማን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኝ፣ ሲፈለግ ደግሞ የሚያላቅቅ ዕቃ ነው። ሲላቀቅ ጎማው ብቻውን ይዞራል፤ ዘንጉና የፊት ዲፈረንሻሉ ያርፋሉ። ድምፅ ይቀንሳል፣ የዕቃው ዕድሜ ይረዝማል፣ ነዳጅም ትንሽ ይተርፋል። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ለነዳጅ ብሎ ብቻ ሀብ የሚመርጥ አይኑር። ሀሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋርን የተባለው ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ከጦርነቱ የተረፉ ጂፖች አስፋልት ላይ እንዲመቹ እንዲህ ያለ ሀብ እየሠራ ነው።

ማኑዋሉ ጎማው መሀል ላይ የሚዞር ቁልፍ አለው፤ «ፍሪ» (የተላቀቀ) እና «ሎክ» (የተቆለፈ) ይላል። ወርዳችሁ ሁለቱንም በእጃችሁ ታዞራላችሁ። በቃ። ውስጡ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው፣ የሚበላሸውም ጥቂት። ትልቁ ጥቅሙ ግን መያዙን በዓይናችሁ ማየታችሁ ነው። ችግሩ መውረዱ ነው። ክረምት ላይ ከተያዛችሁ በኋላ ከወረዳችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ቆማችሁ፣ መጀመሪያ ቁልፉ ላይ ያለውን ጭቃ መጥረግ አለባችሁ። ሲጠጥርባችሁ በፒንሳ አትታገሉት፤ ይሰበራል።

ለዚህ መላ አለው፤ ብዙ ሹፌር ግን አያውቀውም። ሀቡ ሎክ ላይ ሆኖ ማርሹ ቱ ዊል ላይ (ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ሲነዳ) ከሆነ አስፋልት ላይ ብትነዱት መኪናው ምንም አይሆንም። የፊት ዘንጉ ዝም ብሎ አብሮ ይዞራል። ደረቅ አስፋልት ላይ የማይፈቀደው ፎር ዊል ማርሹን ማስገባት ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ ወደ መተማ የምትወርዱ ከሆነ አዘዞ ላይ ሁለቱንም ቆልፉና ተነሱ። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ ሰሊጥ እርሻው ስትገቡ ማርሹን ከውስጥ ታስገባላችሁ፤ መውረድ የለም።

አውቶማቲኩ ምቹ ነው፣ ይሄን አልክድም። ማርሹን አስገብታችሁ ወደ ፊት ስትነዱ ራሱ ይቆልፋል። ለመልቀቅ ቆማችሁ ወደ ቱ ዊል ትመልሱና በኋላ ማርሽ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ይህችን የማያውቅ ሹፌር ተቆልፎ እንደቀረ ይነዳል። ውስጡ ስፕሪንግና ተንሸራታች ጥርሶች ስላሉት ቆሻሻ አይወድም፤ ግሪስ ሲበዛበትም ይሰንፋል። የአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች ሀቦች ደግሞ የሞተሩ ጉልበት አቅጣጫ ሲቀይር ይለቃሉ። ጭቃ ውስጥ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያላችሁ ለመውጣት ስትታገሉ፣ ወይም ሊማሊሞን በሞተር ይዛችሁ ስትወርዱ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

«አውቶ» እና «ሎክ» የሚል ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በራሱ ይይዛል፣ ካስፈለገም በእጅ ይቆለፋል። አንዳንድ የኒሳን ፓትሮል ሞዴሎች ላይ ታገኙታላችሁ። መኪናው ከዚህ ጋር ከመጣ አትንኩት፤ ጭቃ ከመግባታችሁ በፊት ብቻ ሎክ አድርጉት።

እኔን ብትጠይቁኝ ደምቢያ፣ ቋራ ወይም አርማጭሆ የሚመላለስ ሰው ማኑዋል ይያዝ። ሥራው ከተማ ውስጥና እስከ ደባርቅ አስፋልት ላይ ለሆነ፣ መኪናውን ብዙ ሹፌር ለሚቀባበለው፣ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አውቶማቲኩ ይበቃዋል። አንዱን ቆልፎ ሌላውን የሚረሳ ሹፌር ካላችሁ ማኑዋሉም እንደኔ ዋልካ ላይ ያስቀራችኋል። የቱንም ብትይዙ በወር አንዴ አስፋልት ባልሆነ ልል የአፈር መንገድ ላይ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በፎር ዊል ንዱ፤ ዘይቱ የፊቱን ዕቃ ያዳርሰዋል።

ልትቀይሩ ከሆነ አሮጌውን አስፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የዘንጉ ጥርስ ቁጥርና የብሎን ቀዳዳዎቹ ካልገጠሙ የመኪናው ስም አንድ መሆኑ ብቻ አይረዳም። የቶዮታ ከሆነ አይሲን የተባለው የጃፓን ዕቃ አምራች የሠራው ማኑዋል አለ፤ ያገለገለ ቢሆንም ቁልፉ በጣት የሚዞር ከሆነ አትናቁት።

ያገለገለ ፒክአፕ ስትገዙ ደግሞ ይህን ሳታደርጉ ብር አትክፈሉ። ማኑዋል ከሆነ ሁለቱንም ቆልፉ። ሹፌሩ ፎር ዊል አስገብቶ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይንዳ፤ ማርሹን ሳይመልስ ሞተሩን ያጥፋና የእጅ ፍሬን ይያዝ። ለኋላ ጎማዎቹ ታኮ አድርጉ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱና በእጃችሁ አዙሩት። ጠንክሮ እምቢ ካለ ሁለቱም ሀቦች ይዘዋል። ከዞረላችሁ አንዱ አልያዘም ማለት ነው፤ ያኔ የትኛው እንደሆነ ሻጩ ፊት አስፈቱት።