«ኧረ አልተቃጠለም!» ላሉኝ ሬዲዮ ሠሪ

ባሕር ዳር ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ቤታችሁ የተበላሸ ዕቃ ያላችሁ ደግሞ ሁለቴ አንብቡት።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ኮምፒውተር እየሠራ ነው። እየጠገነ አላልኩም፣ እየሠራ። ዜድ 80 የሚባል ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል ማለት ነው፣ ከየት እንዳመጣ እንጃ። በፈረንጆቹ 1976 የወጣ ነው አለኝ፤ የታናሽ ወንድሜ እኩያ መሆኑ ነው። እሱን ቦርድ ላይ ሰክቶ፣ ሽቦ እንደ ሸረሪት ድር አድርቶበት፣ የምግብ ጠረጴዛዬን ወረሰኝ። እኛ ሰሃናችንን ጭናችን ላይ ይዘን ነው የምንበላው።

በዚህ ላይ የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ ካልገጠምኩለት አለ። በኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ1990ዎቹ መዝገብ ቤት ስሠራ ደብዳቤው ሁሉ እሱ ላይ ነበር የሚቀመጠው። የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም። ሌላው ሰው መሃል ላይ የሚቆጣጠር ቺፕ ያስገባል አሉ። የኔው ጉድ ግን ቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ለምን እንደሆነ አስረድቶኛል። አልገባኝም፣ ግን ራሴን ነቅንቄለታለሁ።

ሰካው። አልሠራም።

ከዚያ ያየነውን አበሳ አትጠይቁኝ። አንዱ ጋ ስንሄድ «ሙዚየም ውሰጂው» ብሎ ጓደኞቹን ጠርቶ ሳቀብን። ልጄ አንገቱን ደፋ። ሌላው 600 ብር ተቀብሎ ሁለት ሳምንት «ነገ ነይ፣ ነገ ነይ» ሲለኝ ከረመና በመጨረሻ «ተቃጥሏል» አለኝ። ቤት ወስደን ስናየው ከአራቱ ብሎን ሁለቱ የሉም። ብሎን ሊወስድ ነው እንግዴህ የፈታው። ሦስተኛው ዓይኑን ከስልኩ ላይ እንኳ አላነሳም። ስማቸውን አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ናት ፔዳ አካባቢ አንድ ሬዲዮ ሠሪ አሉ ያለችኝ። ተስፋ ቆርጬ ነው የሄድኩት። ጠባብ ቆርቆሮ ሱቅ ናት፤ አሮጌ ሬዲዮ እስከ ጣራ ተደርድሯል። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና እኔን ትተው ልጁን፦

«ምን እንዲሠራልህ ነው የፈለግኸው?» አሉት።

ልጄ ነገራቸው። አላቋረጡትም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሻይ አስመጡልንና ጠበቅን። ሲመጣ ሰኩት። የማንበቢያው ትንሽ መብራት በራች፣ በርታም ቀረች። እሳቸው ፈገግ አሉ።

«እህቴ፣ ኧረ አልተቃጠለም! መብራቷ እንዲህ አልጠፋ ካለች ኬብሉ ተገልብጦ ነው።»

ጠፍጣፋውን ኬብል ነቅለው፣ ዳሩ ላይ ያለችውን ቀይ መስመር በሌላ በኩል አዙረው መልሰው ሰኩት። መብራቷ ጠፋች። ይኸው ነው! ሁለት ሳምንት! 600 ብር!

ሆኖም የልጄ ቦርድ አሁንም ምንም አይሰማም ነበር። ከማንበቢያው የሚመጡት አምስት መስመሮች በራሳቸው ከፍ አይሉም፣ የሚስባቸው ይፈልጋሉ አሉት። እንደሰማሁት ነው የምጽፈው። ከአንድ የሞተ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ባለ ቀለም ቀለበት ሬዚስተር አምስት ነቀሉ። ከዚያ ካውያውን ለልጄ ሰጡት።

«አንተ በይደው። እኔ ከበየድኩት ነገ ሲበላሽ ወደ እኔ ነው የምትሮጠው።»

እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቦርዱን እሳቸው ያዙለት። የስታኙ ጭስ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እፍ እያሉ ያባርሩለታል። አንዷን አበላሸ፤ ምንም ሳይሉ ሌላ አቀበሉት። አባቱ ለሥራ ርቆ ነው የሚኖረው። ይህ ዝምተኛ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር እንዲህ ሲያወራ ካየሁት ቆይቷል። ምን ልበላችሁ፣ ስልኬን ያየሁ መስዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

እንደገና ተሰካ። ሞተሩ እርርር አለ። ከውስጥ የሆነ ነገር ግርግርግር እያለ ወደ ጥግ ሄዶ ቆመ።

«ዜሮን አገኘው! ጋሼ፣ ዜሮን አገኘው!» ልጄ ዘለለ። ዲስኩ ላይ ያሉት ክብ መስመሮች ከዜሮ እስከ 79 ነው የሚቆጠሩት አሉኝ።

«በል እስከ 79 አስኬደው» አሉት። አስኬደው። ሁለቱም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ።

የጠየቁኝ 100 ብር ነው። ጨምሬ ብሰጥ መለሱልኝ። «የሬዲዮ ሬሳ ላይ ምን ልጠይቅ?» አሉ።

ስሜንና ስልኬን እንዳትጽፊ ብለውኛል። ፔዳ አካባቢ ሬዲዮ ሠሪው ጋሼ ብላችሁ ጠይቁ። ቴሌቪዥን ይሁን ምጣድ፣ ይዛችሁ ሂዱ። ተቃጥሏል የተባላችሁትን ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ውሰዱት። እባካችሁ ሂዱ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው ሥራ ሊፈታ አይገባም።

ዲስኩን ማንበቡ ገና ነው፤ ልጄ አሁንም እየታገለ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ አትሂዱባቸው። ቅዳሜ ከሰዓት የልጄ ነው።