በሩ «ቀጭ» ካላለ ማሽኑ አይነሳም

ይህን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከገዛሁት አራት ዓመት አልፎታል። 7 ኪሎ የሚይዝ፣ ከፊት የሚከፈት ነው። አስተጣጠቡን እወደዋለሁ። አንሶላውንም ጂንሱንም ንጹሕ አድርጎ ያወጣል፤ ሲጨምቅም ከቦታው አይንቀሳቀስም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በሩ ላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የሕፃኗን ልብስ ከትቼ፣ ሳሙና ጨምሬ ማስጀመሪያውን ተጫንኩ። መብራቶቹ በርተዋል፤ ውሃ ግን አልገባም፣ ልብሱ የሚዞርበት ከበሮም አልዞረም። ደግሜ ብጫነው ብልጭ ድርግም ብሎ ዝም አለ።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ኤሌክትሪኩን ነው። ከማስረዘሚያው ነቅዬ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። (ለነገሩ ይህን ማሽን በቀጭን ማስረዘሚያ ማስነሳት አደገኛ ነው። ውሃ ሲያሞቅ ወደ 2000 ዋት ስለሚስብ ገመዱ ይግላል።) ለውጥ የለም። ቧንቧው ክፍት ነው። የልጆች መቆለፊያው ምልክትም አልበራም።

ስልክ ደውዬ ያማከርኩት ጠጋኝ ማሽኑን ሳያይ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለኝ፤ ማሽኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው። አልተዋጠልኝም። ቁልፎቹ ስነካቸው ይመልሳሉ፣ ፕሮግራሙም ይቀያየራል። ቦርዱ ሞቶ ቢሆን ይህን ሁሉ ያደርጋል?

እንደገና ተጭኜ ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ሌላ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ከበሩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። አሁን የለም።

በሩ መቆለፉን ማሽኑ ካላረጋገጠ ውሃም አያስገባ፣ ሞተርም አያዞር። ስከፍተው ጎማውና መስታወቱ መሃል አንዲት ትንሽ ካልሲ ተቀርቅራለች። አወጣኋት፤ መንጠቆው የሚገባበትን ቀዳዳም ከደረቀ ሳሙና ጠረግሁ። ዘጋሁት። «ቀጭ» አለና ተነሳ! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ደስታዬ ግን ሦስት ቀን ነው የቆየው። እንደገና እምቢ ሲል ሌላ ባለሙያ ጠራሁ። ማሽኑን ከሶኬት ነቀለ፣ ጎማውን ገለጥ አድርጎ ሁለት ብሎን ፈታና የበሩን መቆለፊያ አውጥቶ አሳየኝ። ውስጡ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚሞቅ ትንሽ ነገር አለ፤ ሙቀቱ ስስ ብረት ያጎብጣል፣ ብረቱም ቆላፊውን ይገፋዋል። ድምፁ የሚዘገየው ለዚህ ነው። አጥቦ ሲጨርስ በሩ ወዲያው የማይከፈተውም እስኪቀዘቅዝ ነው። የእኔው ደክሞ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በአዲስ ተካው።

አንድ ዘመዴ «ሽቦዎቹን አገናኝና ያለ መቆለፊያ ይሥራ» ብሎኝ ነበር። በፍጹም! በሚዞር ከበሮ ውስጥ የልጅ እጅ ሊገባ ይችላል።

አምራቹን የምወቅሰው ሌላ ነገር ላይ ነው። ብልጭታው የበር ችግር ማለት እንደሆነ ያገኘሁት መመሪያ ደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ ነው። እዚያም የተጻፈው «በሩን በደንብ ይዝጉ» ብቻ ነው። ስለ ካልሲው፣ ስለ ድምፁ፣ መቆለፊያው ሊደክም ስለመቻሉ አንዲት መስመር የለም። ይህን ጽፈውት ቢሆን ያን ሁሉ ጠዋት በጭንቀት አላሳልፍም ነበር።

ለአስተጣጠቡ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ለመመሪያው አንድ። ተመልሼ ልግዛ ብል ይህንኑ እገዛለሁ፤ የእናንተም እንዲህ እምቢ ካለ፣ ስለ ቦርድ ከማሰባችሁ በፊት ማስጀመሪያውን ተጭናችሁ በሩ አጠገብ ጆሯችሁን ስጡ።