የጆርጅታውን ወንዝ ዳር መናፈሻ፦ እንግዳችሁን መጀመሪያ እዚህ ውሰዱት

ዋሽንግተን ላላችሁ፣ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣባችሁ የጆርጅታውን ወንዝ ዳር መናፈሻን አትዝለሉት። መግቢያው ነጻ ነው። ቦታው ቀድሞ የመኪና ማቆሚያ ነበር፤ መናፈሻው ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ከሁሉ የምወደው ወደ ፖቶማክ ወንዝ የሚወርዱትን ሰፋፊ ደረጃዎች ነው። ንድፉን የሠሩት ሰዎች እጃቸው ይባረክ! ውሃውን ከሩቅ አያሳዩህም፣ አጠገቡ ያስቀምጡሃል። እናቴ እዚያ ቁጭ ብላ ቀዛፊዎቹን እያየች አልነሳም አለችኝ። ልጆቹ ደግሞ ከመሬት የሚፈልቀው ውሃ ውስጥ ሲራጩ ዋሉ።

ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ውጡ፣ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይን ታገኛላችሁ። ቁፋሮው በ1828 ተጀምሮ በ1850 ሜሪላንድ ውስጥ እስካለችው ከምበርላንድ ከተማ ደረሰ። 297 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ! እናቴ ይሄን ስነግራት በጣም ገረማት። በ1924 ከጎርፍ በኋላ የጀልባዎቹ ሥራ ቆመ። በኋላ አውራ መንገድ ይሠራበት ሲባል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በ1954 ቦዩን ተከትለው በእግር ተጉዘው ተቃወሙ። ቦዩ ተረፈ፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

ቅር የሚለኝ በሁለቱ መካከል ከላይ የሚያልፈው የመኪና ድልድይ ነው። ሥሩ ይጨልማል፣ ይጮኻል። ቦዩና መናፈሻው እንደ አንድ ቦታ ቢያያዙ እንዴት ባማረ!

ጆርጅታውን የሜትሮ ባቡር ጣቢያ የለም። ከፎጊ ቦተም ጣቢያ በእግር ኑ። በሐምሌ ሙቀት ከሆነ በጠዋት ሂዱ።