«ቀዳዳ ያለው ዕቃ አልሠራም» ያሉኝ ሸክላ ሠሪ

ቦንሳይ፣ ማለትም በዕቃ ተተክሎ እየተገረዘ ትንሽ ሆኖ የሚቆይ ዛፍ፣ ማሳደግ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ሁለት ወይራ፣ አንድ ዋርካ፣ አንድ ቡና አለኝ። ጅማ ተቀምጦ ቡና ሳይሞክሩ መቅረት ነውር ነው። ዛፎቹ አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ ዕቃቸው ነው። ቦንሳይ ዝቅና ሰፋ ያለ፣ ታቹ የተበሳ ሸክላ ይፈልጋል። እዚህ የማገኘው ረጅም የፕላስቲክ ማሰሮ ነው። አንዴ ከአዲስ አበባ አስልኬ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ደረሰልኝ።

ሐሙስ ገበያ ጀበና የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ሄድኩ። «ታቹን ሦስት ቦታ የተበሳ፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ይሥሩልኝ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ውኃ እንዳያፈስ ስለፋ ኖሬ ዛሬ በሚያፈስ ልታሰድበኝ ነው? ቀዳዳ ያለው ዕቃ አልሠራም።» ትንሽ ዝም አሉና «ከፈለግክ ቅዳሜ ና፣ ራስህ ሥራው» አሉኝ።

ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። አንድ ጠዋት 200 ብር፣ ጭቃው በዚያው፣ ማገዶው ለብቻ። በስልክ ቪዲዮ ሳይ የነበረው የሚሽከረከር ጠረጴዛ የለም። ጭቃው ይረገጣል፣ ተፈጭቶ የተነፋ ገል ይገባበታል፣ ከዚያ በእጅ እየተድቦለቦለ ይነሳል። ገሉ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ፣ እሳትም እንዲችል ነው።

ችግሩ የመጣው ከጠፍጣፋው ነው። የእሳቸው ዕቃ ቂጡ ክብ ነው። የእኔ ማዕዘን አለው። ሰፊ ጠፍጣፋ ጭቃ ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና ከመሃሉ ጋር ይጓተታል። የመጀመሪያው በማግስቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ለሁለተኛው ምንም ሳልጠይቃቸው የኮባ ቅጠል ቆርጠው ጠርዙን ዙሪያውን ሸፈኑልኝ፣ መሃሉን ክፍት ተዉት። እኩል ደረቀ። የከፈልኩት ሁሉ ለዚያች ቅጠል ብቻ ቢሆን አይቆጨኝም። ጭቃው ጠንከር ሲል በሸንበቆ ቁራጭ በሳሁት። እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ።

30 ሴንቲ ሜትር አድርጌ የሠራሁት ደርቆና ተቃጥሎ 27 ሆነ። ለወይራው ለክቼ ሠርቼ ለዋርካው ሆነ። ሸክላ እንደሚኮማተር አስቀድመው ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር፤ ሲጠየቁ እንጂ ሳይጠየቁ አይናገሩም።

እሳት ውስጥ ከገቡት አራቱ ሁለቱ ጧ ብለው ፈነዱ። ግድግዳቸው ወፍሮ ውስጡ እርጥበት ቀርቶበት ነው። ሐምሌ ላይ፣ በጅማ ዝናብ፣ ሸክላ ማድረቅ የጀመርኩት እኔ ነኝ። እናንተ ኅዳርን ጠብቁ።

የተረፉት ሁለቱ እንዴት ናቸው? ቶኮናሜ በምትባለው የጃፓን ከተማ የቦንሳይ ዕቃ በምድጃ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይቃጠላል። የእኛ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ነው፤ ያን ያህል አይጠነክርም። ውኃ ይመጥጣል፣ ውጩ ላይ ነጭ ጨው ያወጣል። ውርጭ ባለበት አገር አንድ ክረምት አይዘልቅም ነበር። እዚህ ውርጭ የለም። በበጋ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ጠዋትም ማታም አጠጣለሁ። በዝናቡ ወራት ግን ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ ሥሩ አይታፈንም። ቀለሙ ደግሞ፣ ጥቁር ቡናማው ከዋርካው ግንድ ጋር ሲታይ፣ ገዝቼ የማላገኘው ነው።

የፈነዱትን ገሎች ተካፈልን። ግማሹን እሳቸው ለጭቃቸው ፈጩት። ግማሹን እኔ ሰባብሬ ከቀይ አፈሬ ጋር ደባለቅኩት፤ ውኃ ያሳልፋል።

ለትምህርቱ ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት በሰዓቱ ነው፤ «በጠዋት ና» ይሉና አራት ሰዓት ይመጣሉ።

ዋርካውን ተክዬ ላሳያቸው ወስጄው ነበር። ዕቃውን በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዛፉን አዩና «ምን አድርጎህ ነው እንዲህ ያሳነስከው?» አሉኝ።

የምትሄዱ ከሆነ ሐሙስ አይሆንም፣ ገበያ ናቸው። መቀመጫ ይዛችሁ ሂዱ። ያላቸው አንድ በርጩማ ነው፣ እሱም የእሳቸው ነው።