የአያት ሜዳሊያ፣ ፎቶና የጦር ልብስ በምን ይቀመጥ? ፍሬም፣ ሾኬዝ፣ ብፌና የፕላስቲክ ሣጥን ሲነጻጸሩ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከአያት የቀረ የጦር ሜዳ ዕቃ ያለው ቤት ጥቂት አይደለም። አንዱ ዘንድ በ1928 ዓ.ም. ከዘመተ አርበኛ የቀረ ጎራዴ፣ ጋሻና ኒሻን አለ። ሌላው ዘንድ ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. ኮሪያ ላይ ከተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የአንዱ ሜዳሊያና የሱፍ ኮት ተቀምጧል። የ1969 እና የ1970ው የሶማሊያ ጦርነት ዘማቾች የልጅ ልጆችም ፎቶውንና ደብተሩን ይዘዋል። ዕቃው ሳንዱቅ ውስጥ እንደታሸገ ከኖረ ልጆች አያዩትም። ሳሎን ሲወጣ ደግሞ፣ አያያዙ ካልታወቀ፣ ሪባኑ ይነጣል፣ ፎቶው መስታወቱ ላይ ይጣበቃል።

ምርጫው በአብዛኛው አራት ነው፦ ፍሬም ቤት የሚሠራው ጠለቅ ያለ ፍሬም፣ አሉሚኒየም ቤት የሚሠራው ሾኬዝ፣ የሳሎን ብፌ እና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን። ብዙ ሰው በመልካቸው ይመርጣል። መታየት ያለበት ግን ዕቃው ከምን እንደተሠራ ነው። አንድ ማስቀመጫ ገዝቶ ሁሉንም እዚያው ማጨቅ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሱፍ ድኝ ያለበት ትነት ያወጣል፣ ያ ትነት ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠውን የብር ሜዳሊያ ያጠቁራል።

አገሩም ይለያያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በክረምትም በበልግም ከጦሳ የሚወርደው ጉም ግድግዳውን ያረጥባል። እዚያ ጠላቱ ሻጋታና ዝገት ነው። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሙቀቱ፣ ፀሐዩ፣ አቧራውና ብሉ ይበረታል። በሁለቱም ከተማ ደግሞ ቡና የሚፈላበት ሳሎን አለ። የከሰሉ ጭስ ብር ያጠቁራል፣ የዕጣኑ ሙጫ በመስታወትና በጨርቅ ላይ ቢጫ ሽፋን ይጥላል። ስለዚህ ከረከቦቱ በላይ ምንም አይሰቀልም።

ጠለቅ ያለ ፍሬም

ከሁለት እስከ ስድስት ለሚሆኑ ሜዳሊያዎች ከዚህ የተሻለ የለም። ቦታ አይፈጅም፣ ከአራቱ ለመዝጋት የሚቀለው እሱ ነው፣ ከግድግዳ አውርዶ ለእንግዳ ማሳየትም ይቻላል። ችግሩ ተራው ፍሬም ለፎቶ የተሠራ መሆኑ ነው፤ ውስጡ 1 ሳንቲም ጥልቀት እንኳ የለውም። ሲያዙ ከመስታወቱ እስከ ጀርባ ሰሌዳው ያለው የውስጥ ክፍተት 4 ሳንቲም እንዲሆን ይናገሩ። ለአራት ሜዳሊያ 40 በ30 ሳንቲም ይበቃል። መስታወቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን በዚህ ስፋት 900 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስለዚህ አንድ ምስማር ሳይሆን ሁለት መስቀያ ያስፈልገዋል። አክሪሊክ ቀላልና የማይሰበር ቢሆንም ቶሎ ይጫራል፣ አቧራም ይስባል፤ የሚጠቅመው ፍሬሙ ከቤት ቤት የሚዞር ከሆነ ነው።

ለጀርባው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ኤምዲኤፍ ወይም ቡናማ ካርቶን ነው። ሁለቱም እየቆዩ አሲድ ይተፋሉ፤ ነሐሱ ይበላሻል፣ ወረቀቱ ይወይባል። በእነሱ ፋንታ አሉሚኒየም ቤት ገብተው የአሉኮቦንድ ቁራጭ ይጠይቁ፤ ለሕንፃ ፊት ከተቆረጠው የሚተርፈው ለዚህ መጠን ይበቃል። አይተንም፣ እርጥበትም አያሳልፍም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያልነጣ አቡጀዲ ገዝተው ማጠንከሪያው (ስታርቹ) እስኪለቅ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ አሉኮቦንዱን አልብሰው ጠርዙን ከኋላ በክር ይወጥሩ። ሜዳሊያዎቹን ጋደም አድርገው ቦታቸውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ሜዳሊያውን አንሥተው፣ ለእያንዳንዱ የመርፌ ቁልፉ በሚያርፍበት ግራና ቀኝ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሁለት ቀዳዳ ይብሱ። ድርብ የጥጥ ክር በመርፌ ቁልፉ ዙሪያ አዙረው ከጀርባ ይቋጥሩት። ክሩ ሪባኑን ጨርሶ መውጋት የለበትም። ኮላ፣ ሱፐር ግሉም ሆነ ሁለት ፊት ፕላስተር አይነካውም፤ የደረቀ ኮላ ሲነቀል የሪባኑን ሐር ይዞ ይነሣል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ሪባን በሰማያዊና በነጭ 17 ቀጫጭን መስመሮች የተሸመነ ነው፤ አንዷ መስመር ከተመዘዘች ወደ ቦታዋ መመለስ አይቻልም።

ለደሴ ቤት ከጨርቁ ሥር የእርጥበት መምጠጫ ሲሊካ ጄል ይጨመርበታል። መጠኑ ለአንድ ሊትር አየር 20 ግራም ያህል ነው፤ 40 በ30 በ4 ሳንቲም የሆነ ፍሬም 4.8 ሊትር ስለሚይዝ 100 ግራም ገደማ ይፈልጋል። ከጫማ ካርቶን የሚወጣው ትንሽ ከረጢት ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ግራም ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስቱን መጣል ምንም አይለውጥም። ሲጠግብ ቀለሙ የሚለወጠውን ብርቱካናማውን ይምረጡ፣ ቀለሙ ሲቀየር ትሪ ላይ አፍስሰው በ120 ዲግሪ ምድጃ ለሦስት ሰዓት ያድርቁት። ሩዝ አይተካውም፣ ብል ይጠራል። ጨው ደግሞ ብረት ይበላል።

ፍሬሙ ለመስኮት ፊት በማይሰጥ የውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ከኋላ በአራቱም ማዕዘን ከቡሽ የተቆረጠ 1.5 ሳንቲም ድጋፍ ቢለጠፍ በጀርባው አየር ይዘዋወራል፤ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ይህ የግድ ነው።

አሉሚኒየም ሾኬዝ

ጎራዴ፣ ጋሻ፣ ጎፈር፣ የራስ ቁር ካለ ፍሬም አይችላቸውም፤ ምርጫው ሾኬዝ ነው። ከእንጨት ይልቅ አሉሚኒየሙ የሚመረጠው ራሱ ስለማይተንና ነቀዝ ስለማይገባበት ነው። ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል። አንደኛው መስታወቱን የሚያጣብቀው ሲሊኮን ነው፤ ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አሲድ እየተፋ ይደርቃል፣ መዳብና ነሐስ ላይም አረንጓዴ ያወጣል። ሽታ የሌለውን እንዲጠቀሙ ይጠይቁ። የሚሸተው ከተቀባ ሾኬዙ ለሦስት ሳምንት ተከፍቶ ይቆይ፤ አፍንጫ ጨርሶ ምንም እስካይሸት ድረስ ዕቃ አይግባበት። ሁለተኛው የበሩ ጥቁር ጎማ ነው። ጎማ ድኝ አለው፤ ብር ያለበት ሾኬዝ በጎማ ፋንታ በጥጥ ጥብጣብ ይዘጋ። ተንሸራታች በር በመሐሉ አቧራ ያስገባል፤ ኮምቦልቻ ላይ በማጠፊያ የሚከፈተው ይሻላል።

ዋጋ ሲደራደሩ ክብደቱንም ያስሉ፦ መስታወት በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። የ6 ሚሊ ሜትር መደርደሪያ አንድ ካሬ ብቻውን 15 ኪሎ ነው። መብራት ካስፈለገ ኤልኢዲው ከሣጥኑ ውጭ ይደረግና እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይብራ። መስታወቱ ጎጂውን ጨረር በከፊል ቢያስቀርም የሚታየውም ብርሃን ቀለም ያነጣል፤ የነጣው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ጎራዴ በአፎቱ ውስጥ አይቀመጥም። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ስለቱ ሳይታወቅ ይዝጋል። ስለቱ በልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ ከአፎቱ ጎን ለጎን ይጋደም። ጋሻን ቅቤ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ቅቤው ግን ሲሻግት ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ነፍሳትንም ይስባል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ በቂው ነው።

የሳሎን ብፌ

ቤት ውስጥ ስላለ ብዙዎች የሚመርጡት ይህንን ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከአራቱ የመጨረሻው ነው። ችፑድና ኤምዲኤፍ ብፌ ከማጣበቂያው አሲድና ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ ይተፋል፣ በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ትነቱ ይጠራቀማል። ዋንዛ ይሻላል፣ ቫርኒሹ ግን አንድ ወር መናፈስ አለበት። ሌላ ምርጫ ከሌለ መደርደሪያውን በወፍራም የወጥ ቤት ፎይል ሸፍነው በላዩ የታጠበ አቡጀዲ ያንጥፉ። ለጊዜው ይጠቅማል።

የፕላስቲክ ሣጥን

ለሱፍ ልብስ፣ ለደብተር፣ ለምስክር ወረቀትና ለፎቶ ዋናዎቹ ቅጂዎች ይህ ነው፤ ርካሽም ነው። ሥሩን ገልብጠው ይዩ፦ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ 5 ከተጻፈ ይግዙ፣ 3 ከተጻፈ ይተዉት። ቁጥር 3 ፒቪሲ ነው፤ እየቆየ ይጣበቃል፣ አሲድም ያወጣል። ለፎቶ ማኅደርም ሕጉ ያው ነው። ሣጥኑ ከመሬት 15 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ልብሱ ከመግባቱ በፊት ብሉ መሞት አለበት። በሁለት ፌስታል አየር ሳይኖረው ታስሮ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ለ14 ቀን ይቆይ። ሲወጣ ፌስታሉ ሳይፈታ አንድ ሙሉ ቀን ይጠብቅ፤ ቶሎ ከተፈታ ጠል ይይዘዋል። ናፍታሊን መጨመር አያስፈልግም፤ ለቤተሰቡም ለጨርቁም አይበጅም። ልብሱ ሲታጠፍ በእያንዳንዱ እጥፋት ውስጥ ተደጋግሞ የታጠበ ነጠላ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ሱፍ የሚቀደደው በሰላ እጥፋቱ መስመር ላይ ነው። በነሐስ ቁልፎቹና በጨርቁ መካከልም ነጭ ወረቀት ይደረግ።

ወረቀትን ላሚኔት ማድረግ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አገልግሎቱ በየጽሕፈት ቤቱ መኖሩ ብዙ ሰነድ አጥፍቷል። ሙቀቱና ማጣበቂያው ከወረቀቱ ጋር አንድ ይሆናሉ፣ ማኅተሙና የእጅ ጽሑፉ ከዚያ በኋላ አይላቀቅም። ይልቁንስ በ600 ዲፒአይ ስካን ያስደርጉና የታተመው ቅጂ ፍሬም ውስጥ ይግባ፤ ግድግዳ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው አይለየውም። ዋናው ፎቶ የግድ ይሰቀል ከተባለ በመስታወቱና በፎቶው መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። የዘማቹ ስም፣ ዘመቻውና ዓመቱ በፎቶው ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ሳይጫን ይጻፍ፤ ቢክ ወደ ፊት ያሳልፋል።

የትኛውንም ቢገዙ ሜዳሊያውን አያብሱት። ብራሶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚና አመድ የወርቅ ቅቡን ይፍቃሉ፣ የፊደሉንም ጠርዝ ያደበዝዛሉ። ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ ተፍቆ ከጠፋ የዘማቹ የራሱ ምልክት ጠፋ ማለት ነው። የሚፈረከስ አረንጓዴ ዱቄት የወጣበት ግን ከሌሎቹ ተለይቶ ከሲሊካ ጄል ጋር ለብቻው ይዘጋ።

ጠመንጃና ሽጉጥ የማስቀመጫ ጉዳይ አይደሉም፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋሉ። ያልተተኮሰ ጥይት ወይም ምንነቱ የማይታወቅ የቦምብ ቁራጭ ከተገኘ ግን አይነካ፣ አይወልወል፤ ባለበት ትቶ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው።

ፍሬሙን ደሴ አሠርተው ኮምቦልቻ ለሚሰቅሉ፦ በብርድ ልብስና በፌስታል ጠቅልለው ይውሰዱት፣ እንደደረሱም ሳይፈቱ እስከ ማታ ያቆዩት። ቀዝቃዛው መስታወት ሞቃታማ አየር ሲያገኝ ላብ ያወጣል፤ አየሩ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጠብታው ሪባኑ ላይ ይወርዳል።