ለኮሌጃችን የሙያ አማካሪ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ዛሬ የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ የቋሚነት ደብዳቤ ተሰጠኝ። ደብዳቤውን ይዤ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ የኮሌጃችን የሙያ አማካሪ ናቸው። እሳቸውን ሳላመሰግን ማደር አልፈለግሁም።

ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈቀዱልኝም። ስደውልላቸው "ምስጋናውን ተቀብያለሁ፤ ስሜን ግን ተይው" አሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። ኮሙኒኬሽን የተማራችሁ የኮሌጃችን ልጆች ማንን እንደማወራ ወዲያው ይገባችኋል።

መጀመሪያ ቢሯቸው የገባሁት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ዲፓርትመንት ልቀይር ወስኜ ቅጽ ሞልቼ ነበር። ኮሙኒኬሽን እንደምማር የሰማ ሁሉ "ታዲያ ስትጨርሺ ምን ትሆኛለሽ?" ይለኛል። አንድ ዘመዴማ "ማውራትም ኮሌጅ ተገብቶ ይማሩታል እንዴ?" ብሎኛል። ሌላው ስቆ ያልፈዋል፤ እኔን ግን ከነከነኝ። ህክምና የሚማር ሀኪም ይሆናል። አካውንቲንግ የሚማር ሂሳብ ይይዛል። የእኔ መልስ "ጋዜጠኛ፣ ወይም... እንጃ" ነበር።

ቅጹን ሰጠኋቸው። አልፈረሙም፣ አልከለከሉኝምም። "እሱ እዚህ ይቀመጥ" አሉና ባዶ ወረቀት አወጡ። አምስት ጥያቄ ጻፉበት። ማን ይናገራል? ምን ይላል? በየትኛው መንገድ? ለማን? ምን ውጤት ያመጣል?

አሜሪካዊው ምሁር ሃሮልድ ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1948 ያቀረባቸው ጥያቄዎች ናቸው። እኔም ለፈተና ሸምድጃቸዋለሁ። እሳቸው ግን ከየጥያቄው ጎን ስራ መጻፍ ጀመሩ። "ማን" ከሚለው ጎን ቃል አቀባይ፣ የህዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ ለመሪዎች ንግግር የሚያዘጋጅ። "ምን" ከሚለው ጎን ጋዜጠኛ፣ አርታኢ፣ የማስታወቂያ ጽሁፍ አዘጋጅ፣ የመሳሪያ አጠቃቀም መመሪያ የሚጽፍ። ከ"መንገድ" ጎን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰር፣ የአንድን ድርጅት የማህበራዊ ሚዲያ ገጾች የሚያስተዳድር። ከ"ለማን" ጎን አድማጭንና ገበያን የሚያጠና። ከመጨረሻው ጎን ደግሞ አንድ ዘመቻ የሰዎችን ባህሪ ቀይሮ እንደሆነ የሚመዝን። የጤና ትምህርት ዘመቻን ምሳሌ አድርገው ነገሩኝ። ወረቀቱ ሞላ።

"ከዚህ ውስጥ ስንቱን አስበሽበት ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አንዱን ብቻ ነበር። ቅጼን ይዤ ወጣሁ፤ ለማንም አላስገባሁትም።

እሳቸውን ከሌላ አማካሪ የምለይበት ነገር አለ። ሁሉ ነገር ጥሩ ነው ብለው አይሸነግሉም። ዜና አንባቢ መሆን እፈልጋለሁ ስላቸው ወንበሩ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ መሆኑን በግልጽ ነገሩኝ። ግን "ተይው" አላሉኝም። የስርጭት ስራ ላይ ካለች የቀድሞ ተማሪያቸው ጋር አገናኙኝና አንድ ሙሉ ቀን አብሬያት ዋልኩ። ካሜራ ፊት የሚታየው ስራ ከጀርባው ካለው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ደስ ያለኝ ማንበቡ ሳይሆን የተወሳሰበ ነገር ለሰው እንዲገባ አድርጎ መጻፉ መሆኑን አወቅሁ።

ሌላም እውነት ነግረውኛል። ብዙዎቻችን ከሂሳብ ሸሽተን ነው ኮሙኒኬሽን የምንገባው። እኔም አንዷ ነኝ። እሳቸው ግን ስታትስቲክስ እንዳልዘል አጥብቀው ያዙኝ። መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ናሙና መውሰድ፣ ውጤት ማንበብ የማይችል ሰው "ለማን" የሚለውን ጥያቄ በግምት ነው የሚመልሰው አሉኝ። ተንገሸገሽኩ፤ ወሰድኩት። አሁን በስራዬ ሳልጠቀምበት የማልፍበት ሳምንት የለም።

ሲቪዬን ያዩበት ቀን ደግሞ አይረሳኝም። "ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰረዙት። "ይህን ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። ምን ሰርተሽ ነው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ በወሬ መሃል፣ ለአዲስ ተማሪዎች የወጣው የምዝገባ ማስታወቂያ ስላልገባቸው እንደገና እንደጻፍኩላቸው አነሳሁ። ፊታቸው በራ። "ይኸው! ዋናውንም፣ አንቺ የጻፍሽውንም አምጪልኝ" አሉ። የፖርትፎሊዮዬ፣ ማለትም ለቀጣሪ የማሳየው የስራዎቼ ስብስብ፣ የመጀመሪያ ገጽ ያ ማስታወቂያ ሆነ። በፊትና በኋላው ጎን ለጎን። ለስራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ ጠያቂዎቼ ከዲግሪዬ ይልቅ ስለዚያ ገጽ ነው ብዙ ያወሩኝ።

ኢንተርንሺፕ ላይ ሳለሁ ጋዜጣዊ መግለጫ ጽፌ ሳይነበብ ተመለሰልኝ። አልቅሼ ደወልኩላቸው። ላኪው አሉኝና አነበቡት። ዋናውን ነገር አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ቀብሬው ኖሯል። ከላይ አምጪው፣ ሌላውን እንደ ክብደቱ አስከትዪ አሉኝ። በዚያው ሳምንት የቤት ስራም ጨመሩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 ቺካጎ አካባቢ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የተጨመረበት የታይሌኖል እንክብል፣ ማለትም የህመም ማስታገሻ መድኃኒት፣ 7 ሰዎችን ገደለ። አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ለህዝቡ ማስጠንቀቂያ አሰማ፤ 31 ሚሊዮን ያህል ብልቃጥ ከገበያ ሰበሰበ። በኋላም ከተነካካ በሚያስታውቅ ማሸጊያ ተመለሰ። "የድርጅቱ ቃል አቀባይ ብትሆኚ በመጀመሪያው ሰዓት ምን ትያለሽ?" የሚለውን እንድጽፍ አዘዙኝ። ሦስት ጊዜ መለሱልኝ። ስለ ድርጅቱ ስም መጨነቄን ትቼ፣ እንክብሉ ቤቷ ያለ እናት አሁኑኑ ምን ማድረግ እንዳለባት ስጽፍ ነው "አሁን ገባሽ" ያሉኝ። ዛሬ የምሰራው የጤና መረጃ ለህዝብ የማዘጋጀት ስራ ነው። ከዚያ የቤት ስራ ጋር እንደሚገናኝ እርግጠኛ ነኝ።

አመሰግናለሁ፣ አማካሪዬ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ ተማሪ ይህን ያህል ጊዜ ሲሰጡ በር ላይ ሌሎች እየጠበቁ እንደነበር አውቃለሁ።

ኮሌጃችን ላላችሁ ኮሙኒኬሽን ተማሪዎች፦ ሂዱ። እንደ እኔ እስኪከፋችሁ አትጠብቁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትግቡ፤ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ወይም የቀረጻችሁትን አንድ ነገር ያዙ፣ መጥፎም ቢሆን። ሌላ ኮሌጅ ያላችሁም የሙያ አማካሪ ቢሮ ካለ አንኳኩ፤ ስለ ሲቪ ብቻ ሳይሆን ስለ ስራው ዓይነት ጠይቋቸው። እሳቸውጋ ስትሄዱ በሩ ዝግ ከሆነ ደግሞ አትመለሱ። ውስጥ ሌላ ተማሪ እያናገሩ ነው፤ ትንሽ ጠብቁ፣ ይከፍቱላችኋል።